በሰሜን ቨርጂኒያ የሐበሻ ቤት በር ስታንኳኩ

ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ የሌለበት ዓመት የለም። ኖቬምበር 2026 የኮንግረስ ነው፤ በ2027 የግዛቱ ሁለት ምክር ቤቶች ይመረጣሉ። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ በአማርኛ ማነጋገር የሚችል የምርጫ ቀስቃሽ ሁሌም ይፈለጋል። ስልክ ከመደወል ይልቅ እግርን ማድከም ለምን? እ.ኤ.አ. በ1998 የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሁራኑ አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ኒው ሄቨን ከተማ ላይ ሞክረውታል። ቤታቸው ድረስ ተሄዶ የተነገራቸው ሰዎች ከሌላው በግልጽ በልጠው ወጥተው መረጡ፤ በስልክ የተነገራቸው ግን ለውጥ አላሳዩም።

የዘመቻው ቢሮ የቤቶች ዝርዝር በወረቀት ወይም በስልክ አፕ ይሰጣችኋል፤ የዴሞክራቶቹ አፕ ሚኒቫን ይባላል። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ሰውየው በየትኞቹ ምርጫዎች እንደተሳተፈ ያሳያል። ማንን እንደመረጠ አያሳይም። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ ስለማትመዘግብ ያለው ፍንጭ በየትኛው ፓርቲ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ምርጫ) ላይ እንደመረጠ ብቻ ነው።

ይህ ዝርዝር የእኛን ሰው በሁለት መንገድ ይስታል። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ከዚህ በፊት መርጠው ከሚያውቁ ሰዎች ነው፤ አምና ዜግነት የወሰደ ሰው ታሪክ ስለሌለው ይዘለላል። ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት አስተባባሪውን "አዲስ የተመዘገቡትም ይግቡልኝ" በሉት። ሁለተኛ፣ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅም በአባቷ ስም ስለሚጠሩ አንድ ቤተሰብ ሦስት የማይተዋወቁ ተከራዮች ይመስላል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። በሩን የከፈተው ማንም ይሁን ማን የሦስቱንም ስም ጠይቁ፤ አንድ አንኳኩቶ ሦስት መራጭ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው።

በሐበሻ አቆጣጠር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አታንኳኩ። በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል እስኪጨልም ድረስ። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ብዙ ሰው ስላለ "አትቀስቅሱ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን በር እለፉት። ለአንድ ዙር ሁለት ሰዓት ተኩልና ከ40 እስከ 50 በር ይበቃል፤ ግማሽ የሚሆነው ላይከፈት ይችላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ጎዶሎ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ቤቶች ይያዝ። ውኃ፣ የስልክ ባትሪ መሙያና ሁለት እስክሪብቶ ያዙ።

ደወሉን አንዴ ተጭናችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ በሩ ላይ የተለጠፈ ሰው ያስፈራል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ በመስኮት አትመልከቱ፣ ሣሩን አትርገጡ። ካሜራ ካለው ደወሉ ላይ ስማችሁንና ለማን እንደምትሠሩ ተናገሩ። ማንም ካልወጣ ወረቀቱን እጀታው ላይ አንጠልጥሉ። ፖስታ ሳጥን ውስጥ ቴምብር የሌለው ወረቀት መክተት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልልቅ የአፓርትመንት ሕንፃዎች ግን የግል ንብረት ናቸው። ዘበኛው "ውጡ" ካለ ውጡ፣ ከአስተዳደሩ ፈቃድ የመጠየቁን ሥራ ለቢሮው ተዉ።

ሲከፈት፦ "ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ የእገሌ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ልያዝዎት።" ከዚያ አንድ ጥያቄ፣ "እዚህ ሰፈር በጣም የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?" ብላችሁ ዝም በሉ። ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወይም የመኪና ታክስ ይነሣል። የመኪና ታክስ ቢሉ ሂሳቡ የሚመጣው ከዋሽንግተን ሳይሆን ከካውንቲው ወይም ከከተማው መሆኑን አስረዱ፤ ብዙ ሰው የሰፈር ምርጫ የሚመለከተው መሆኑን የሚያየው ያኔ ነው።

"ግቡ እንጂ፣ ቡና ፈልቷል" መባላችሁ አይቀርም። ከገባችሁ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሄደ፤ ከ16 እስከ 20 በር ተቃጠለ ማለት ነው። ደረቅ እምቢታም ያስቀይማል። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጓደኛዬ ውጭ እየጠበቀኝ ነው፤ ከምርጫው በኋላ መጥቼ እጠጣለሁ" ይበቃል፤ ጓደኛችሁም በእርግጥ ማዶ እያንኳኳ ነው። ከቡናው የባሰው የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ከተነሣ ደግፋችሁም ተቃውማችሁም አትመልሱ፣ ወደ ሰፈሩ ጉዳይ ተመለሱ። ብሔር፣ የትውልድ ቦታና ቤተ እምነት ፈጽሞ አይጠየቅም።

መጨረሻ ላይ "ድምፅዎን ይሰጡታል?" ብላችሁ መልሱን ከ1 እስከ 5 መዝግቡ፤ 1 የጸና ደጋፊ፣ 3 ያልወሰነ፣ 5 የጸና ተቃዋሚ። ሐበሻ ለእንግዳ ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት ስለሚከብደው "እሺ፣ እናያለን" የሚለው 3 ነው እንጂ 1 አይደለም። ቁጥሩን ካሳመራችሁት ቢሮው የምርጫው ሰሞን መኪና የሚልከው ለማይመርጥ ሰው ይሆናል። 1 ወይም 2 ያለውን ሰው ደግሞ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ አስወስኑት። ከምርጫው ዕለት ቀድሞ ድምፅ መስጠት ዕለቱ 45 ቀን ገደማ ሲቀረው ተጀምሮ ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ያበቃል። ዕድሜያቸው 65 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም አካል ጉዳት ካለባቸው መኪና ውስጥ ሆነው መምረጥ ይችላሉ። ማንበብ የሚቸግረው ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት መብቱ ነው፤ ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ እንዳይሆን።

ሰዓት ስትነግሩ ተጠንቀቁ። ምርጫ ጣቢያ "እስከ 7 ሰዓት" ካላችኋቸው እማማ ቀን በ7 የሚዘጋ መስሏቸው ይቀራሉ። "ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1፣ በዚህ አገር 6 እስከ 7" ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉላቸው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥም መመዝገብም አይችልም። በስሕተት እንኳ ቢመዘገብ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽ፣ ከአገር እስከመባረርም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ "የሚመዘገበው ዜጋ ብቻ ነው" ሳትሉ ቅጽ ለማንም አትስጡ፤ ከተጠራጠረ ቅጹን መልሳችሁ ውሰዱ። ለመረጠ ሰው ምሳ፣ ብር ወይም ስጦታ ቃል መግባት ወንጀል ነው፤ በመኪና ማድረስ ይቻላል። የምርጫው ዕለት ከጣቢያው በር 40 ጫማ፣ 12 ሜትር ገደማ፣ ውስጥ መቀስቀስ ስለማይቻል የእጩውን ቲሸርት ለብሳችሁ ሰው ይዛችሁ አትግቡ።

አፓርትመንት ኮሪደርና ምድር ቤት ኔትወርክ ይጠፋል፣ አፑም የመዘገባችሁትን ሳይልክ ይቀራል። መኪናችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት ከፍታችሁ መላኩን አረጋግጡ፤ ካልሄደ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ በር ያንኳኳል፣ እማማም "ትናንት ነገርኩ አይደል!" ይላሉ።