አዲስ አበባ ለዕረፍት ሲመጡ ከእንጀራና ከስኳር ርቆ ለመሰንበት

እህልና ስኳር ቀንሶ መብላት የጀመረ ሰው ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በቅድሚያ የሚያሳስበው እንጀራ ነው። ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ከተማ እንጀራ ከምግቦቹ አንዱ ብቻ ሳይሆን ሌላው ምግብ ሁሉ የሚፈስበት መደብ ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሰውነት ወደ ስኳር የሚለውጠው የእህል ክፍል፣ ይገኛል። በቀን ከ130 ግራም በታች መብላት ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ተብሎ ይቆጠራል፤ ኬቶ የሚባለው ጥብቅ አመጋገብ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ብቻ ስለሚፈቅድ አንድ ሙሉ እንጀራ የዕለቱን ድርሻ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሆኖም ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ምግብ ቤቶች ለዚህ አመጋገብ የሚስማማ ምግብ ሞልቷል። አስቸጋሪው ምግቡን ማግኘት ሳይሆን ቃሉን በጊዜው መናገር ነው፤ ትሪው ከቀረበ በኋላ የሚነገር ነገር ሁሉ የዘገየ ነውና።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት በድንገት ሲቀንስ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። በእግር ሲዘዋወርም ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ከረሜላ ከኪሱ እንዳይጠፋ።

ምግብ ቤት ሲገቡ «እንጀራ ቀንሱልኝ» ማለት ብዙ አይረዳም። ወጡ በተቀነሰው እንጀራ ላይም ቢሆን ፈስሶ ይመጣል፤ መረቁ ከሥር ይሰርጋል፤ እጅም ልማዱን ተከትሎ ይቆርሳል። ይልቁንስ «ምግቡ ለብቻው በሳህን ይምጣልኝ፤ እንጀራ አያስፈልገኝም፤ ሹካ ይጨመርልኝ» ብለው ይዘዙ። አስተናጋጁ ተጨንቆ እንጀራውን ለጥንቃቄ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ «ቢመጣም አልነካውም፤ እንዳይባክን ተውት» ብሎ በትሕትና መድገም ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው የሸክላ ጥብስ ነው። ፍሙ ከሥሩ እንደጋመ፣ ቅቤው እየተንጫጫ፣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር በራሱ ዕቃ ስለሚቀርብ እንጀራው ከመነሻውም ከሥጋው አይገናኝም። ሥጋ በኪሎ በሚሸጥባቸው ሉካንዳ ቤቶች ደግሞ ግማሽ ኪሎ አስመዝኖ ማስጠበስ ይቻላል፤ እዚያ ሲደርሱ ቀዩን ብቻ አይምረጡ። ጮማ ያለው ሥጋ ቶሎ ያጠግባል፤ ጠግቦ የተነሣ ሰውም ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤት በር ላይ አይቆምም። የክትፎ ቤት ትዕዛዝም ቀላል ነው፦ ቆጮውና እንጀራው ቀርቶ በምትካቸው ጎመንና አይብ እንዲበዛ ይጠይቁ። ቆጮ ከእንሰት ስለተሠራ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ስታርች፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት፣ ነው። ከጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊይዝ ስለሚችል ክትፎውን በደንብ አብስለው እንዲያቀርቡልዎ ቢጠይቁ ከአመጋገቡ የሚጎድል ነገር የለም። ዱለት፣ ጎመን በሥጋና የእንቁላል ጥብስም በዚሁ መንገድ ይታዘዛሉ።

የሚያሳስቱት ግን ወጥ የሚመስሉት እህሎች ናቸው። ሽሮ የጥራጥሬ ዱቄት ነው፤ ቦዘና ሽሮም ሥጋ ስለገባበት ዱቄትነቱ አይቀርም። በ100 ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ፤ ከዚህ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ ሆድ የማይፈጨው አሰር (ፋይበር) ቢሆንም ጥብቅ ለሆነ ሰው የቀረው ቀላል አይደለም። ቋንጣ ፍርፍርና ቲማቲም ፍትፍት የሚሠሩት ከእንጀራ ነው። ዶሮ ወጥ ቁሌቱ ሽንኩርት በሽንኩርት ስለሆነ ሥጋውንና እንቁላሉን በልቶ ከቁሌቱ ጥቂት መቅመስ ይበቃል።

የዕረፍቱን ቀን ሲቆርጡ የጾሙን ወቅት ይመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር፣ ብዙ ምግብ ቤቶች የጾም ምግብ ብቻ ያቀርባሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለገና ከውጭ የሚመጡ እንግዶችም ኅዳር 15 በሚገባው ጾመ ነቢያት ውስጥ ያርፋሉ። የማይጾም ሰው በእነዚህ ቀናት ወደ ሙስሊም ምግብ ቤቶች ጎራ ብሎ ሩዙንና ፓስታውን አስቀርቶ የፍየል ሥጋ ሊበላ ይችላል። ለሚጾም ሰው ነገሩ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የእንጉዳይ ጥብስ፣ ሰላጣ በአቮካዶ አለለት። ተልባን በተለይ አደንቀዋለሁ፤ ካርቦሃይድሬቱ ከሞላ ጎደል አሰር ስለሆነና ቅባትም ስላለው ማር ሳይገባበት ተበጥብጦ ቢጠጣ ሆድ ይይዛል። በየመንገዱ ከሚሸጠው ቆሎ ለውዙን ብቻ ለይተው ይግዙ፤ ገብሱና ሽምብራው ይቆይ።

ከምግብ ቤት ይልቅ የሚፈትነው የዘመድ ቤት ነው። እናት ወይም አክስት «በሞቴ» ካሉ በኋላ እምቢ ማለት ፍቅርን መግፋት ይመስላል፤ ስለዚህ ንግግሩ በገበታ ላይ ሳይሆን ከመምጣትዎ ቀደም ብሎ በስልክ ይሁን። «እትዬ፣ እንጀራና ጣፋጭ ለጤናዬ ትቻለሁ፤ ጎመኑንና ሥጋውን ግን ጠግቤ እበላለሁ» ካሏቸው የሚወዱትን ምግብ ስለነገሯቸው ደስ ብሏቸው ያዘጋጃሉ፤ የማይበሉትን ብቻ ከዘረዘሩላቸው ግን ምን ላብላው ብለው ሲጨነቁ ያድራሉ። ጉርሻ ሲመጣ «ከሥጋው ይብዛልኝ» ብለው በአክብሮት ይቀበሉ፤ በአንድ ጉርሻ ያለው ቁራሽ እንጀራ አመጋገብ አያፈርስም፤ ሳህኑ ከፊትዎ ባዶ ሆኖ ሲታይ ግን ሌላ ስለሚጨመርበት ከጎመኑ ጥቂት ያስቀሩበት። ቡናው ሊቀዳ ሲል ስኳሩ አስቀድሞ ከስኒው ሥር ስለሚገባ፣ «ለእኔ ያለ ስኳር» የሚባለው ጀበናው ከመነሣቱ በፊት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሲቀመጡ የሚዞረውን ፈንዲሻና ዳቦ በምስጋና ያሳልፉ።

መጠጥን በተመለከተ አምቦ ውኃ በሎሚ ከሁሉ ይሻላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ጠጅም ማር ነው። ስፕሪስ ከማንጎና ከፓፓያ ስለሚደራረብ ይቅር፤ የአቮካዶ ጁስ ያለ ስኳር ካዘዙ ግን ጥሩ ምሳ ይሆናል።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከአምስት ኪሎ ሙዚየም ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ሰው ውኃው ቶሎ ይጎድልበታል። ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰውነትም ውኃና ጨው አብዝቶ ያስወጣል። ራስ ምታትና ድካም ሲሰማ ብዙዎች ምግብ የጎደለባቸው መስሏቸው ወደ ዳቦ ይሮጣሉ፤ የደም ግፊት የሌለበት ሰው ግን አስቀድሞ ጨው ያለበት የሥጋ ቅቅል ወይም ሾርባ ከውኃ ጋር ይሞክር።

በአንድ ግብዣ ላይ እንጀራው ቢበዛና በማግሥቱ ሚዛን ላይ ኪሎ ቢጨምር አይደንግጡ። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን አድርጎ ሲያከማች በእያንዳንዱ ግራም ላይ 3 ግራም ያህል ውኃ ስለሚይዝ፣ የጨመረው አብዛኛው ውኃ ነው። ለማካካስ ብለው ሳይበሉ አይዋሉ፤ ቁርስ ላይ ዳቦውን ትተው እንቁላል በቅቤ ከአቮካዶ ጋር ይዘዙ።