ጎልፍን በቁም ነገር ልትይዙ ነው? ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ጎልፍን በቁም ነገር ልያዝ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያለቦታው ያወጣል። እኔ በአንድ ነገር አምናለሁ፤ ትምህርቱና በልክ የተስተካከለው ዱላ አብረው መሄድ አለባቸው።

ከድራይቨር መጀመር። ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙና ለመቆጣጠር አስቸጋሪው እሱ ነው። ሕጉ ለአንድ ዙር እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ የግድ 14 ይሁን ግን አይልም። ለጀማሪ ሰባት ስምንት ይበቃል። በተረፈው ብር አሰልጣኝ ያዙ።

የሰው ዱላ እንዳለ መጠቀም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ተጎድቼበታለሁ። ከእኔ በጣም የሚረዝም ጓደኛዬ አይረኖቹን (የብረት ራስ ያላቸውን ዱላዎች) ሰጠኝ። የምመታው በቀኝ ነው፤ ኳሱ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ወደ ቀኝ ዞሬ መቆም ለመድኩ። አሰልጣኝ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ያየው የዱላውን ታች ነበር። የተፋቀው ተረከዙ (ወደ እኔ የሚቀርበው ጎን) ብቻ ነው። ዱላ ሲረዝምባችሁ ጫፉ (ከእናንተ የሚርቀው ጎን) ከመሬት ይነሳል፤ ያኔ ኳሱን ወደ ግራ ይወስደዋል። ሲያጥርባችሁ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሰውነታችሁም ይህንን ለማካካስ ሌላ ስህተት ይለምዳል። ዱላዎቹ ቶሎ ተስተካከሉ፤ ልማዱን ለመተው ግን ወራት ፈጀብኝ።

እናንተም መፈተሽ ትችላላችሁ። ኳሱ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩን ሽቅብ አቁማችሁ፣ ወደ ዱላው ፊት አዙራችሁ ምቱ። ቀለሙ ዱላው ላይ ቀጥ ብሎ ከታተመ ደህና ነው። ካዘመመ ለባለሙያ አሳዩት።

«ስዊንጌ (አመታቴ) ይስተካከልና ፊቲንግ (ዱላን በልክ ማስተካከያ) እሄዳለሁ» ማለት። አትጠብቁ። ከአራት አምስት ትምህርት በኋላ ቁመቱን፣ ዱላው ከመሬት ጋር የሚሠራውን ማዕዘንና የግሪፑን (የመያዣውን) ውፍረት አስለኩ። የሻፍቱን (የዱላውን ዘንግ) ዝርዝር ምርጫ ግን ለኋላ አቆዩት፤ አመታታችሁ ገና ይቀየራል።

ፊቲንግ ላይ ጉልበት ማሳየት። ብዙ ወንዶች ሰው ሲያያቸው ከወትሮው አጠንክረው ይመታሉ። ከዚያ ለእነሱ የማይሆን ስቲፍ (ጠንካራ፣ ብዙ የማይተጣጠፍ) ሻፍት ይዘው ይመለሳሉ። እባካችሁ እንደ ዘወትራችሁ ምቱ።

የሁሉንም ምክር መስማት። ልምምድ ቦታ አጠገባችሁ የቆመው ሁሉ መካሪ ነው። አሰልጣኛችሁ የሰጣችሁን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እስከሚቀጥለው ትምህርት ሥሩበት።

ፓተርን (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለውን ዱላ) መርሳት። ፓር 72 (ለ18 ጉድጓድ የታሰበው የምት ብዛት) ሲባል፣ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ተብሎ 36ቱ ምት ለፓተር የታሰበ ነው። ግማሹ ማለት ነው! ታዲያ ፓተሩ ለምን ሳይለካ ይቀራል?

የአንዱን ከተማ ርቀት ለሌላው መጠቀም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ርቆ ይሄዳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ስትጫወቱ በያው ዱላ የመታችሁት ኳስ ቅርብ ይወድቅባችኋል። ስዊንጋችሁን ከመነካካታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት እዚያው ለኩ።