በጎን ለሚተኛ ሰው ፍራሽ እንዴት ይመረጣል?

ሌሊት ክንዳችሁ እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ጠዋት ደግሞ ዳሌያችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍራሹ ነው። «ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው» ሲባል ነው ያደግነው። በጀርባው ለሚተኛ ሰው ያስኬድ ይሆናል። በጎን ሲተኛ ግን ጫናው ትከሻና ዳሌ ላይ ያርፋል። ፍራሹ እነሱን ትንሽ ካላሰመጠ ወገብ ሳይደገፍ ያድራል። በ2003 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ የቆየ የወገብ ሕመም ባለባቸው 313 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው እንደሚሻል አሳይቷል። ስለዚህ የምንፈልገው ከላይ የሚለሰልስ፣ ከሥር የሚሸከም ፍራሽ ነው።

በእጅ ሳይሆን በትከሻ ሞክሩት

ፒያሳም ሂዱ ሜክሲኮ፣ ሻጭ ፍራሹን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እዩት፣ አንደኛ ነው» ይላችኋል። መዳፍ ስለ ትከሻ የሚያውቀው ነገር የለም። ጫማችሁን አውልቁና እንደ ቤታችሁ በጎን ተኙ። ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆዩ። ሰው አየኝ ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ ዓመታት የምትተኙበት ዕቃ ነው። ትራሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

አብሯችሁ የመጣ ሰው ከጀርባችሁ በኩል በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ። አከርካሪያችሁ ከማጅራት እስከ ዳሌ ቀጥ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከተገፋ ፍራሹ ጠጥሯል። ዳሌ ሰምጦ ወገብ ከጎበጠ ደግሞ ለስልሷል።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ ነው። ላስቲክ ላይ ተኝቶ የተሞከረ ፍራሽ አልተሞከረም። ሻጩ «ላስቲኩ አይነካም» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ቤት ገብቶም ላስቲኩን እንዳለ ትቶ አንሶላ ማንጠፍ የለመድነው ነገር ነው፣ እባካችሁ ይቅር። ላብ ያፍናል፣ የፋብሪካውንም ሽታ ውስጡ ይዞ ያስቀራል።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውን፣ በሰውነት ሙቀት እየለሰለሰ የሰውን ቅርጽ የሚይዘውን ስፖንጅ፣ ለመግዛት ያሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ፤ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ፀሐይ በገባበት ሱቅ እኩለ ቀን ላይ የለሰለሰው በኅዳር ሌሊት ሌላ ፍራሽ ሊሆንባችሁ ይችላል። ለአዲስ አበባ ብርድ እኔ ላቴክስን (የጎማ ስፖንጅ ነው) ወይም ጥሩ ተራ ስፖንጅን እመርጣለሁ። ላቴክስ ውድ ነው። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ይለፈው።

መዝኑት

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ነው። ሻጮች «ሃይ ዴንሲቲ ነው» ሲሉ ጠንካራ ነው ማለታቸው ነው። ዴንሲቲ ግን ጥንካሬ አይደለም። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ስፖንጅ አለ ማለት ነው። ለስላሳ ሆኖ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ስፖንጅ አለ፤ በጎን ለሚተኛ ሰው የሚሆነውም እሱ ነው። ክብደቱ ቀላል የሆነው ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ደህና መስሎ፣ ቤት ሲገባ ቶሎ ይጎደጉዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ስፋቱ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ ሜትር ከዘጠና፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 30 ዴንሲቲ ከሆነ ስፖንጁ ብቻ 14 ኪሎ ግድም መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ «ባለ 30» የተባላችሁት ባለ 20 ነው። ለአዋቂ ሰው ከ30 በታች ባትወርዱ ይሻላል። ሚዛን ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። መጀመሪያ ብቻችሁን ውጡበት። ቀጥሎ የተጠቀለለውን ፍራሽ አቅፋችሁ ውጡ። ልዩነቱ የፍራሹ ክብደት ነው፤ ከላዩ ለጨርቁ ትንሽ ቀንሱ። ለስፕሪንግ ፍራሽ ይህ ሒሳብ አይሠራም።

ክብደት ብቻውንም ያታልላል። ቁርጥራጭ ስፖንጅ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራው ፍራሽ በጣም ከባድ ነው፣ ሲተኙበት ግን ድንጋይ ነው። ዚፑን ከፍታችሁ እዩ። ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ፍርፋሪ ተደባልቆ ካያችሁ እሱ ነው። ቁርጥራጩ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከአሮጌ ሶፋና ፍራሽ ከሆነ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አደገኛ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የገቡ የእሳት መከላከያ ኬሚካሎች ሊኖሩበት ይችላሉ። ለልጆች አልጋ ፈጽሞ አትግዙት።

ጥንቃቄ፦ ተጠቅልሎ በካርቶን የሚመጣ የውጭ ፍራሽ ከሆነ ዚፑን ከመክፈታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። አንዳንዶቹ ከጨርቁ ሥር ለእሳት መከላከያ ፋይበርግላስ (ቀጫጭን የመስታወት ክር) አላቸው። ከተከፈተ ብናኙ ቤቱን ይሞላል፣ ቆዳና ዓይን ያሳክካል። ፋይበርግላስ የሚል ካለበት ተውት።

ኬሚካሉስ?

«ሜዲካል»፣ «ኦርጋኒክ» የሚል ጥልፍ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ ማለት እንደ ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100 ወይም ሰርቲፒዩር ያለ፣ ዕቃው ለጎጂ ኬሚካል መመርመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። የኦኮቴክሱ ቁጥር አለው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በስልክ ማጣራት ትችላላችሁ። ምልክቱ ለጨርቁ ብቻ ነው ወይስ ለስፖንጁም ጭምር? ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ምልክት የሌለው ከሆነ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። አዲስ ስፖንጅ መሽተቱ አይቀርም። ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን አትግዙ። የገዛችሁትን ላስቲኩን አውልቃችሁ በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ጥቂት ቀን አናፍሱት። እስኪለቀው ሌላ ቦታ ተኙ።

ከፋብሪካው የባሰ መርዝ አንዳንዴ እኛው እንጨምርበታለን። ለትኋን ብሎ የእርሻ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ መርጨት ሌሊቱን ሙሉ እየሳቡት ማደር ነው። አንሶላውን በሚፈላ ውኃ እጠቡ፣ ፍራሹን ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ ልባስ ውስጥ አስገቡት። ካልሆነ ባለሙያ ጥሩ።

ከሲሚንቶ ወለል ላይ አታንጥፉት፤ በክረምት ከሥሩ ይሻግታል። ርብራብ ያለው አልጋ ይሁን።

አዲስ የመግዛት አቅም ለጊዜው ከሌለ፣ ያላችሁ ጠንካራ ፍራሽ ካልጎደጎደ አትጣሉት። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ስፖንጅ አስቆርጣችሁ ከላዩ አንጥፉ። ትከሻ የሚፈልገው ያችን ያህል ነው። ጥጥ ፍራሽ ያላችሁ ደግሞ ፍራሽ አዳሽ በሰፈሩ ሲያልፍ ጥሩት። ጥጡ ሲነደፍ ግን አጠገቡ ቁሙ፤ አሮጌ ቡትቶ እንዳይቀላቀልበት።