የጡረተኛ የገንዘብ አማካሪን የሕይወት ታሪክ ለንባብ ማዘጋጀት

በቀብር ላይ ለቀስተኛው ቆሞ ስለሚሰማ ንባቡ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ በ16 የፊደል መጠን አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። አንባቢው መቼ እንደሚነሣ ከቅሬው (ከዕድሩ) ኃላፊዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ስለሚፋጠን፣ ንባቡ ይደረግ አይደረግ፣ ከተደረገም መቼ እንደሚሆን እነሱው ይወስኑ።

የሥራ ዘመናቸውን ከቅጥር ደብዳቤና ከጡረታ ማስረጃ ውሰዱ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዓመቱ ነው፦ በፈረንጆች የተጻፈውን ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይቀነሳል። የመሥሪያ ቤቱንም ስም በዘመኑ በነበረው ጻፉ፤ የዛሬው ፀደይ ባንክ ያኔ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ነበር።

ዋናው ነገር ምክራቸው ነው። «የብዙዎች ባለውለታ ነበሩ» የሚለው ለማንም ይባላል፤ እሳቸውን አያሳይም። ሥራቸውን የሚያውቁ ሦስት አራት ሰዎች ጠይቁ፦ ምን አስተዉህ? ምን አስጀመሩሽ? የደሴ ባለሱቅ የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ በሁለት ደብተር መለየት ከእሳቸው ተምሮ ከሆነ፣ ያ አንድ መስመር ከአሥር ሙገሳ ይበልጣል። ቃላቸውን እንዳሉት አስቀምጡ፣ አታሳምሩት። የባለጉዳይ ስምና ዕዳ ግን ያለ ፈቃድ አይነበብ፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ምስጢር በቀብራቸው ቀን መውጣት የለበትም።

የልጆችን ስም ዝርዝር ለቤተሰቡ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ አንድ ስም ከተዘለለ ቅያሜው ዓመታት ይቆያል። ሁለት ቅጂ አትሙ፤ አንባቢውን ልቅሶ ከያዘው ሁለተኛው ሰው ካቆመበት ይቀጥላል።