ክላሲካል ሙዚቃን በክራርና በዋሽንት አብሮ ለመሞከር

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ ከሥራ በኋላ ክራር፣ ዋሽንት ወይም ኪቦርድ የሚጫወቱ ወዳጆች የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ለመካፈል ሲሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ የሚወደውን አንድ ሥራ ይዞ መጥቶ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ክፍል ቢያሰማ ይበቃል፤ ሙሉ ሲምፎኒ ካላሰማሁ የሚል ሰው ስለማይጠፋ ገደቡ አስቀድሞ ይነገር። አቅራቢው «ደስ ይላል» ከማለት አልፎ የትኛው ቦታና የትኛው መሣሪያ እንደማረከው ያስረዳ።

አብሮ ለመጫወት ግን ምርጫው ይከብዳል። ክራር ብዙ ጊዜ 6 ክር ቢኖረውም የሚቃኘው በአምስት ድምፅ ስለሆነ፣ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን ሥራዎች እንዳሉ ለመጫወት አይመችም። እኔ የምመክረው የቼኩ አቀናባሪ ድቮርዣክ በ1893 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሳለ የጻፈውን የ9ኛውን ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ዋና ዜማ ነው፤ መነሻ ሐረጉ ከዶ፣ ሬ፣ ሚና ሶል ስለማይወጣ በትዝታ ሜጀር ቅኝት በቀላሉ ይገኛል። ዋሽንት ካለ፣ ድምፁ እንደ ክር ስለማይጠብቅና ስለማይላላ፣ መነሻ ድምፁን ከእርሱ ወስዳችሁ ክራሩን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ቃኙ፤ ኪቦርዱም ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርገው የትራንስፖዝ ቁልፉ ይከተል።

ዜማውን በዝግታ፣ በየሐረጉ እየተቀባበላችሁ ጀምሩ። በጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ እንደሚታረም ሁሉ፣ እናንተም ተጫዋቹን ለማረም ሐረጉ ሳያልቅ አታቋርጡት፤ ሲጨርስ ግን እርማቱን ሳታለሳልሱ ንገሩት።