ፕሮግራምዎ ተፈትቶ ሲነበብ፦ በትንሽ ወጪ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የራስዎን ምርት እንደ ባዕድ ሰው ይክፈቱት። የአንድሮይዱን በጃድኤክስ፣ የዶትኔቱን በአይኤልስፓይ፤ ሁለቱም የተሠራን ፕሮግራም ወደሚነበብ ኮድ የሚመልሱ ነጻ መሣሪያዎች ናቸው። መፍትሄው የሚወሰነው እዚያ በሚያዩት ነገር ነው።

የክላስና የሜተድ ስሞች እንደተጻፉ ይታያሉ
ስሞቹ ከባይትኮዱ (ኮምፓይል ከተደረገው መካከለኛ ኮድ) ጋር አብረው ስለሚቀመጡ ነው። በአንድሮይድ የሪሊዝ ቢልድ ላይ ሚኒፋይን ያብሩ፤ አር8 የተባለው የኮድ ማሳጠሪያ ስሞቹን ወደ አንድና ሁለት ፊደል ያሳጥራቸዋል።

አር8 ከበራ በኋላ ከሰርቨር የሚመጣው መረጃ ባዶ ይሆናል፤ በዲበግ ቢልድ ግን ይሠራል
በሪፍሌክሽን (ክላሶችንና ፊልዶችን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በስማቸው በመፈለግ) የሚሠራ የጄሰን ላይብረሪ መረጃውን የሚያዛምደው በፊልድ ስም ነው። «ፎን» ይባል የነበረው ፊልድ «ኤ» ሲሆን የሚገናኙበት ስም ይጠፋል። የእያንዳንዱን ፊልድ የጄሰን ስም በአኖቴሽን ይጻፉ፣ ወይም ለእነዚያ የዳታ ክላሶች ብቻ የኪፕ ሕግ (አር8 ስማቸውን እንዳይነካ የሚያዝ) ይጨምሩ። ቸኩሎ መላውን ፓኬጅ ኪፕ ማድረግ ጥበቃውን መልሶ ማጥፋት ነው። የየቨርዥኑን የማፒንግ ፋይል (አጭሩን ስም ከዋናው ስም ጋር የሚያገናኘውን) ያስቀምጡ፤ ያለሱ የክራሽ ሪፖርት ማንበብ ጭንቅ ነው።

የኤፒአይ ቁልፍ ተሰርቋል
አር8 ስሞችን እንጂ ስትሪንጎችን (እንደ ቁልፉ ያሉ ኮዱ ውስጥ የተጻፉ ጽሑፎችን) አይደብቅም። በቤዝ64 መጠቅለልም አያድንም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሊፈታው የሚችለውን ሌላም ሰው ይፈታዋል። መጀመሪያ የተሰረቀውን ቁልፍ ይሰርዙ፤ አሮጌው ቨርዥን አሁንም በሰው እጅ ነው። አዲሱ ቁልፍ ሰርቨርዎ ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ አፑ ሰርቨርዎን ይጠይቅ፣ ሰርቨርዎ ደግሞ ቁልፉ የሚከፍተውን አገልግሎት።

የሐሰት የላይሰንስ ቁጥር ይሠራል
ቁጥሩ የሚረጋገጥበት ስሌት ፕሮግራሙ ውስጥ ካለ፣ ያንኑ ስሌት ገልብጦ ቁጥር ማመንጨት ይቻላል። ላይሰንሱን ኢዲ25519 በተባለው የዲጂታል ፊርማ ዘዴ ይፈርሙ፦ ፕራይቬት ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው 32 ባይት የሆነው ፐብሊክ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ፊርማው ደግሞ 64 ባይት ነው። ይህ የሐሰት ቁጥርን ይዘጋል፤ ፕሮግራሙን ራሱን ቀይሮ ፍተሻውን ማለፍን ግን አይከለክልም። በኤክስ86 ላይ ፍተሻው በአንድ «ኢፍ» ካለቀ፣ 74 የሚለውን ባይት (በሄክሳዴሲማል፤ «እኩል ከሆነ ዝለል») ወደ 75 («እኩል ካልሆነ ዝለል») መቀየር ብቻ ውሳኔውን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ሰው የሚከፍልበትን ዋና ሥራ፣ ከተቻለ፣ ሰርቨር ላይ ያሠሩት።

ኢኤክስኢ የተደረገው ፓይተን ተፈትቷል
ፓይኢንስቶለር ባይትኮዱን ያሽጋል እንጂ ወደ ማሽን ኮድ አይለውጥም። ነጻው ኑይትካ ወደ ሲ ተርጉሞ ኮምፓይል ስለሚያደርግ ፈቺውን ብዙ ያደክመዋል። በዩፒኤክስ (የኢኤክስኢ ፋይልን መጠን በሚቀንስ መሣሪያ) ማሸግ ላይ ግን ጊዜ አያጥፉ፤ መፍቻው እዚያው መሣሪያ ውስጥ ነው፣ በአንድ ትእዛዝ ይፈታል።