ለትንሽ የሥጋ ከብት መንጋ የማዳቀያ ዝርያና የዘር ሐረግ አመራረጥ

ከ30 ላም በማይበልጥ መንጋ ውስጥ የዝርያ ምርጫ ከኮርማው አይጀምርም። መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት፣ የሚወለዱት ጊደሮች ለርቢ ይቀራሉ ወይስ ከወንዶቹ ጋር አብረው ይሸጣሉ የሚለው ነው። ይህ ሳይወሰን የተገዛ ኮርማ፣ ቁመናው ምንም ቢያምር፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ከገዛ ልጆቹ ጋር አንድ በረት ውስጥ ይገኛል።

ጎልማሳ ኮርማ በአንድ የርቢ ወቅት ከ20 እስከ 30 ላም ያጠቃል፤ ዓመት ያለፈው ወይፈን ግን ከ10 እስከ 15 ቢሰጠው ይበቃዋል። ስለዚህ ትንሽ መንጋ የሚያኖረው አንድ ኮርማ ብቻ ነው። አባት ልጁን ካጠቃ የጥጃው የቅርብ ዝምድና መጠን 25 በመቶ ይደርሳል፣ በዚህም ከማዳቀል የተገኘው ጥቅም መልሶ ይጠፋል።

ጥጆቹን በሙሉ ለሚሸጥ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ ምትክ ጊደር ከውጭ እየገዛ ኮርማውን በዕድገትና በሥጋ ብዛት ይመርጣል። ጊደር የሚያስቀር ግን የመጀመሪያዎቹ ጊደሮች ለርቢ ሳይደርሱ ኮርማውን በሌላ ዝርያ መተካት ወይም ጊደሮቹን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል አለበት። ሁለት ዝርያ በተራ ሲፈራረቅ ውሎ አድሮ የሚቀረው የዲቃላ ብርታት (ዲቃላው ከወላጆቹ አማካይ የሚበልጥበት መጠን) በመጀመሪያው ማዳቀል ከሚገኘው ሙሉ ብርታት 67 በመቶ ያህል ነው፤ ሦስት ዝርያ ሲሆን 86 በመቶ። ቁጥሩ ሦስተኛ ዝርያ ለመጨመር ያጓጓል። ነገር ግን አንድ ኮርማ ላለው መንጋ ተጨማሪው ዝርያ የሚያመጣው የመዝገብ ጣጣ ከጥቅሙ ስለሚበልጥ፣ በሁለት መጀመር ይሻላል።

የዲቃላ ብርታት የት ይሠራል?

ዝምድና የሌላቸው ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጁ ከወላጆቹ አማካይ በልጦ ይገኛል። ብልጫው ጎልቶ የሚታየው በቀላሉ በማይወረሱ ባሕርያት ላይ ነው፤ በመፅነስ፣ በጥጃ መትረፍና በዕድሜ ርዝመት። በሥጋው መሃል የሚሰራጭ ስብን በመሰሉ በደንብ በሚወረሱ ባሕርያት ላይ ግን እምብዛም አይታይም፤ እነዚህ የሚገኙት ጥሩ ወላጅ በመምረጥ ነው። ደካማ ኮርማ ዝርያው ስለተለየ ብቻ ጥሩ ጥጃ አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የእናቲቱን ድርሻ ነው። በአሜሪካ በተደረጉ የረጅም ጊዜ ሙከራዎች ዲቃላ ላም ዲቃላ ጥጃ ስታሳድግ፣ ለኮርማ ከቀረበች ከእያንዳንዷ ላም በጡት ማስጣያ ጊዜ የሚገኘው ክብደት ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጣው እናቲቱ ዲቃላ በመሆኗ ነው። ዲቃላ ጊደሮችን ሁሉ ሸጦ ንጹሕ ዝርያ ላሞችን ብቻ ማቆየት ትልቁን ጥቅም አሳልፎ መስጠት ነው።

ላሟን ከመኖዋ ጋር ማመዛዘን

አንገስና ሄርፎርድ ቶሎ ይደርሳሉ፣ አንገስ በተለይ በሥጋው መሃል ስብ ያሰራጫል። ሻሮሌ፣ ሊሙዚንና ሲመንታል በጡንቻና በዕድገት ይበልጣሉ፤ ሲመንታል ወተትም ይጨምራል። ሻኛ ያላቸው ብራህማን፣ ኔሎርና ቦረና ሙቀትና መዥገር ይችላሉ፣ ግን ዘግይተው ይደርሳሉ። ከዚህ ውስጥ መመረጥ ያለበት አሁን ያሉት ላሞች የጎደላቸውን የሚሞላው ነው። ሙቀትና መዥገር ባለበት ቦታ ከእናቲቱ ደም ሻኛ ያላቸውን ዝርያዎች ጨርሶ ማውጣት አይገባም።

ግዙፍ ላም መልካም ትመስላለች። ይሁንና አንዲት ላም በቀን ከክብደቷ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች ብንል፣ 450 ኪሎዋ 9 ኪሎ፣ 600 ኪሎዋ 12 ኪሎ ትፈልጋለች። መኖው ካልበቃ ትልቋና ብዙ ወተት ያላት ላም ከወለደች በኋላ ትከሳለች፣ ኮርማ ሳትፈልግም ትቆያለች፤ ዓመቱ ያለ ጥጃ ያልፋል። ለእናትነት መካከለኛ አካል፣ ለአባትነት ትልቅ ዕድገት ያለው ጥምረት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ኮርማውን በወሊድ መመዘን

ለጊደር የሚቀርብ ኮርማ መጀመሪያ በቀላል ወሊድ፣ ከዚያ በዕድገት ይመረጣል። የምጥ ችግር ዋና ምክንያት የጥጃው ክብደት ከእናቲቱ ዳሌ ጋር አለመመጣጠን ነው። ጊደሯ ሙሉ አካል ስትይዝ ከሚኖራት ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ ሳትደርስ አታስጠቋት። እንደ ቤልጂየም ብሉ ያሉ ጡንቻ የበዛባቸው ዝርያዎች ለጊደር አይሆኑም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የብራህማን ኮርማ ሻኛ የሌላቸውን ላሞች ሲያጠቃ የሚወለዱት ጥጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ከባድ ይሆናሉ። የብራህማን ላም ሻኛ በሌለው ኮርማ ስትጠቃ ግን ጥጃዋ ቀላል ነው። ያው ሁለት ዝርያ፣ አባትና እናት ሲቀያየሩ ውጤቱም ይገለበጣል።

ልጆቹ ከሌሎች ኮርማዎች ልጆች በምን ያህል እንደሚለዩ የሚተነብይ ግምት (EPD) ያለው ኮርማ ከተገኘ ልዩነቱን ያንብቡ። ለጡት ማስጣያ ክብደት አንዱ 25፣ ሌላው 10 ኪሎ ቢኖራቸው፣ የመጀመሪያው ልጆች በአማካይ 15 ኪሎ ይበልጣሉ ማለት ነው። የአንዱን ዝርያ ቁጥር ከሌላው ዝርያ ጋር እንዲሁ ማወዳደር ግን ስሕተት ነው፤ መነሻቸው የተለያየ ነው። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው አስተማማኝነት ወደ 1 ሲጠጋ ግምቱ የሚለወጥበት ዕድል ይጠብባል። ከትውልድ ሐረጉ ላይ ደግሞ አያቶቹን ይዩ፤ የአዲሱ ኮርማ አባት ከአሮጌው ኮርማ አባት ጋር አንድ ከሆነ አዲስ ደም አልገባም።

ከመክፈል በፊት የእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩት። ዓመት ከሩብ የሆነው ወይፈን የዘር ፍሬ ከረጢቱ ዙሪያ ቢያንስ 30፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ደግሞ 34 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከወንዴ ዘር ህዋሶቹ ቢያንስ 70 በመቶው ቅርጻቸው የተስተካከለ ይሁን። ሰኮናውና አረማመዱ ይታይ፤ የሚያነክስ ኮርማ አያጠቃም። ፅንስ የሚያስወርደው የብሩሴሎሲስ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ቀድሞ ላም ያጠቃ ከሆነ በጥቃት የሚተላለፉት የትሪኮሞናስና የቪብሪዮ በሽታዎች ምርመራም ይጨመር። የኮርማው ገጽታ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ በሽታዎች ከመንጋው ብዙ ላሞችን ያለ ጥጃ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

ሰው ሠራሽ ዘዴ ለትንሽ መንጋ ብዙ የዘር ምርጫ ይከፍታል። ላሟ ሌሎች ሲወጡባት ቆማ መቀበሏ በጠዋት ከታየ በዚያው ምሽት፣ ምሽት ከታየ በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ካልያዘች በ21 ቀን ገደማ ምልክቱ ይመለሳል፤ ያን ቀን በደብተር ያልያዘ ሰው ሌላ ዙር ያጣል።

ሚዛን ያለው ሰው ጥጆችን በእኩል ዕድሜ ያወዳድር። ሲወለድ 32 ኪሎ የነበረና በ190 ቀኑ 184 ኪሎ የመዘነ ጥጃ 152 ኪሎ ጨምሯል፣ በቀን 0.8 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ጥጆች በተለምዶ በሚወዳደሩበት ዕድሜ፣ በ205 ቀን፣ ሲባዛ 164፣ የልደት ክብደቱ ሲደመር 196 ኪሎ ይሆናል። የሁሉም ጥጆች ቁጥር በ205 ቀን ከተሰላ በኋላ ነው እናቶችን ማበላለጥ የሚቻለው፤ አለዚያ ቀድማ የወለደችው ሁልጊዜ ታሸንፋለች።

ከመጀመሪያው ማዳቀል የተገኘ የሚያምር ዲቃላ ወይፈን ለኮርማነት ማስቀረት የተለመደ ፈተና ነው። እሱ እንደ እሱ ያሉ ዲቃላ ላሞችን ካጠቃ በልጆቹ ላይ የብርታቱ ግማሽ ይጠፋል፣ ጥጆቹም በመጠንና በቀለም ይለያያሉ። አንዳንድ ወይፈን ዓመት ሳይሞላው ማስረገዝ ስለሚችል፣ ወንዶቹን ገና በልጅነታቸው ያኮላሹ ወይም ከጊደሮቹ ይለዩ።